63 ገጽ ጽፌ አንባቢዬ ስድስቱን ብቻ አየ፤ ምን ላድርግ?

ማታ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ የእናንተን ሳነብ ነበር የቆየሁት። ዛሬ ግን ሲጨንቀኝ ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።

ትዋይን በሚባለው የምርጫ ታሪክ መሥሪያ ፕሮግራም አንድ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። አንባቢው እየመረጠ የሚሄድበት ዓይነት። አንዲት ሴት የሞተች አክስቷን ቤት ባዶ ልታደርግ ትመጣለች። ያላት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ጠዋት ወንድሟ መጥቶ ቁልፉን ይረከባታል። መሳቢያ ስትከፍት አንድ የታሸገ ደብዳቤ ታገኛለች። ፖስታው ላይ ያለው የወንድሟ ስም ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ የአክስቷ። እዚህ ጋ አንባቢው ይመርጣል። ይከፈት? ወይስ ወደ ቦታው ይመለስ?

እስከዚህ ድረስ ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ከከፈተችው አንድ ሌሊት፣ ካልከፈተችው ሌላ ሌሊት። ከዚያ ስልክ ይጠራል። ታንሳው አታንሳው? እንደገና ሁለት ቦታ ተከፈለ። በየገጹ ሁለት ሁለት ምርጫ እየሰጠሁ ስድስት ደረጃ ስወርድ 63 ገጽ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየተቀመጥኩ ነው የጻፍኩት። የታሪኩን ካርታ ስከፍት ሳጥኖቹ ከስክሪኑ ወጥተው ይሄዳሉ። ታሪኩ ግን ገና እኩለ ሌሊት እንኳ አልደረሰም።

ባለፈው ቅዳሜ ለአንድ ጓደኛዬ አስነበብኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። በአራት ደቂቃ ጨረሰ። "አሪፍ ነው፣ ግን በጣም አጭር ነው" አለኝ። ያየው ስድስት ገጽ ነበር። የቀሩት 57 መኖራቸውን እንኳ አላወቀም። ያን ቀን ማታ ላፕቶፑን መክፈት አቃተኝ።

ታሪኩን እወደዋለሁ፤ መተው አልፈልግም። ግን ምርጫው ሁሉ እውነተኛ ይሁን ካልኩ መጨረሻ የለውም። ከቀነስኩት ደግሞ አንባቢውን ያታለልኩት ይመስለኛል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

አሮጌ ተጫዋች፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ያ ደብዳቤ ያዘኝ። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር። ይህን ያህል ካሳሰበኝ ታሪኩ አለ ማለት ነው፤ የተበላሸው ቅርጹ ነው።

ቅርጹ ስም አለው። ሳም ካቦ አሽዌል የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2015 የምርጫ ታሪኮች የሚይዟቸውን ቅርጾች በሥዕል እያሳየ ጽፎ ነበር። ያንቺን ዓይነቱን "የጊዜ ዋሻ" ይለዋል። መንገዱ ይከፈላል፣ ይከፈላል፣ ተመልሶ አይገናኝም። ሒሳቡን ብቻ እይው። ሰባተኛው ደረጃ 64 አዲስ ገጽ ይፈልጋል። አሥረኛው ብቻውን 512። ጠቅላላው 1,023 ይሆናል፤ አንባቢሽ ግን ከዚያ ሁሉ አሥር ገጽ አንብቦ ይነሳል። ይህን ያህል ለመጻፍ ዕድሜሽ አይበቃም። የሚያነበውም ሰው ምንም አይጠቀምም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። መንገዶቹ ይከፈሉ፤ ግን ተመልሰው ይገናኙ። ሲገናኙ ግን ታሪኩ የተደረገውን አይርሳ።

በራስሽ ታሪክ ላሳይሽ። አንባቢው ሌሊቱን ምንም ቢያደርግ ጠዋት ወንድሟ በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ የጠዋቱ ገጽ አንድ ይሁን። ወንድሟ ገብቶ ዙሪያውን ያያል። ከዚያ "መሳቢያው ውስጥ ምንም አላገኘሽም?" ይላታል። ይህን ሁሉም አንባቢ ያነባል። ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ አንባቢው ይለያያል። ደብዳቤውን ከፍታው ከነበረ፣ "ፖስታው ኪሷ ውስጥ ነው፤ የተቀደደው ጠርዙ ጣቷን ይነካታል" ይላል። ካልከፈተችው፣ "መሳቢያው እንደተዘጋ ነው። እሱ ግን የሚያየው መሳቢያውን ሳይሆን ፊቷን ነው" ይላል። አየሽ? ጥያቄው አንድ ነው። የሚያስጨንቅበት ምክንያት ግን ለሁለቱ አንባቢ አንድ አይደለም።

ለዚህ የሚያስፈልግሽ ቫሪያብል ብቻ ነው፤ ታሪኩ የተደረገውን የሚያስታውስበት ምልክት ማለት ነው። አንዱን "ደብዳቤ ተከፍቷል" በይው፤ ሌላውን "ስልክ ተነስቷል"፤ ሦስተኛውን የፈለግሽውን። ሦስት ነገር ብታስታውሺ፣ እያንዳንዱ አዎ ወይም አይደለም ቢሆን፣ አንድ የጠዋት ገጽ በስምንት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። የምትጽፊው ግን ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ ራሴ ለዓመታት ምርጫ ማለት የተለየ ቦታ መድረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጨዋታ ስጫወት ገና መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሽማግሌ የዋሸሁት ውሸት ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሽማግሌው ያንኑ ውሸቴን አምኖ ለሌላ ሰው ሲያወራ ሰማሁት። የታሪኩ መንገድ ምንም አልተለወጠም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

መሣሪያ መቀየር ከፈለግሽ ኢንክን ሞክሪ። ኢንክል የተባለው ስቱዲዮ ለራሱ ጨዋታዎች የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። እዚያ ምርጫዎቹን በኮከብ ምልክት ትዘረዝሪያለሽ፤ ከሥራቸው በአንድ ሰረዝ ሁሉንም መልሰሽ ትሰበስቢያለሽ። መሰብሰብ ቀላል ስለሆነ እጅሽ ራሱ ይለምደዋል። ግን ትዋይንም ይበቃሻል፤ ለዚህ ብለሽ አትልፊ።

63ቱን ገጾች አትሰርዢያቸው። ብዙዎቹ ወደ አንድ አንድ አንቀጽ ተቀንሰው ቦታ ያገኛሉ።

ሁለተኛ ንባብ፦

አሮጌ ተጫዋች ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር።

እኔ ማንኛውንም የምርጫ ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። ሁለተኛው ላይ ሁሉንም ተቃራኒውን እመርጣለሁ። ያኔ ሁሉም መንገድ ተመልሶ አንድ ቦታ ሲያደርሰኝ ቅር ይለኛል። በተለይ የማልወደው አንድ ነገር አለ። ስልኩን አላነሳም ብዬ እመርጣለሁ፤ ሁለት ገጽ ሳልሄድ የደወለው ሰው ሊነግረኝ የነበረውን ነገር በሌላ በኩል እሰማዋለሁ። ጸሐፊው የጻፈው ነገር እንዳይባክንበት ሳስቶ ነው። ይገባኛል። ግን አለማንሳቴ ዋጋ አጣ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አገናኚው፤ ስልኩን ግን ተይው። ካላነሳችው ማን እንደደወለ መቼም አይታወቅ። ጠዋትም አይታወቅ፣ መጨረሻ ላይም አይታወቅ። አንድ እንደዚህ ያለ ምርጫ ካለ አንባቢው ሌሎቹንም ከልቡ ነው የሚመርጠው፤ የትኛው እንደማይመለስ አያውቅማ።

ደግሞ ትዋይን ውስጥ የምትጠቀሚው የታሪክ ፎርማት ሃርሎ የሚባለው ከሆነ፣ ከጽሑፉ ጎን ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት አብሮት ይመጣል። ያንን አጥፊው። አለበለዚያ አንባቢው ስልኩን ትቶት ሲያበቃ አንድ ጊዜ ተጭኖ ይመለስና ያነሳዋል።

የጊዜ ዋሻውንም ጨርሶ መጥፎ ነው አልልም። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አሥር ጊዜ ተመላልሶ የሚነበብ ታሪክ ከሆነ ግሩም ነው። ያንቺ ግን እንደዚያ አይደለም። ያንቺ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ነው።

ማታ ጸሐፊ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጠዋቱን ገጽ ዛሬ ሌሊት ጻፍኩት። ወንድሟ "መሳቢያው ውስጥ ምንም አላገኘሽም?" ሲላት እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ለካ እሱ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ይህ ለታሪኩም አዲስ ነገር ነው።

ሌላ የከበደኝ ነገር ደግሞ አለ። የማየው የእንግሊዝኛ ጨዋታ ሁሉ ለአንባቢው "አንተ ይህን አደረግህ" እያለ ነው የሚሄደው። እዚያ አንዱ ቃል ለወንድም ለሴትም ይሆናል። እኔ ጋ ግን "ከፈትሽው" ካልኩ ወንዱ አንባቢ ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ይሰማዋል። ጓደኛዬ እንደዚያ ነው ያለኝ። "ከፈትከው" ልል አልችልም፤ ባለታሪኳ ሴት ናት። "እርስዎ" ብዬ ሞከርኩ፣ ታሪኩ ሁሉ የቢሮ ማመልከቻ መሰለብኝ። ምን ይሻላል?

አርታኢ፦

እርስዎ አይሆንሽም። ማዕረጉ ብቻ አይደለም ችግሩ። "ደብዳቤውን ከፈቱት" ስትዪ እርስዎም ሊሆን ይችላል፣ እነሱም ሊሆን ይችላል። አንባቢው በየገጹ "እነማን?" እያለ ነው የሚያነበው።

በአንደኛ መደብ ጻፊው። አማርኛ በእኔ ሲናገር ጾታ አይለይም። "ከፈትኩት"፣ "ፈራሁ"፣ "ተመለስኩ"፤ ወንድም ሴትም እንደዚሁ ነው የሚለው። ወንዱ አንባቢ ሳይታወቀው ይገባበታል። ወንድሟ ሲያናግራት "አላገኘሽም?" ይበላት፤ ያኔ አንባቢው የሴት ልብስ ለብሶ እንደቆመ ያስታውሳል፣ ግን ከታሪኩ አይወጣም። ከውጭ የተነገረው "ሽ" እና ተራኪው የተናገረው "ሽ" አንድ አይደሉም።

ለምርጫዎቹም ቋንቋችን የሰጠን ጥሩ ነገር አለ። "ደብዳቤውን ክፈት" አትበዪ፤ ትእዛዝ ነው፣ ማን ማንን እንደሚያዝም አይታወቅም። "ደብዳቤውን መክፈት" አትበዪ፤ የዕቃ መመሪያ ይመስላል። ይልቅ "ልክፈተው" በዪ። "ልክፈተው"፣ "ልመልሰው"፣ "ነገ ለእሱ ልስጠው"። ሰው ብቻውን ሆኖ ሲያስብ እንደዚህ ነው የሚለው። አንባቢው እዚያ ቃል ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የራሱ ሐሳብ ይመስለዋል።

ይህን ካገኘሁ በኋላ የድሮ ጽሑፎቼን በሙሉ ምርጫቸውን ቀይሬአለሁ። ሥራው አሰልቺ ነበር፤ ተገቢ ነበር።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ምርጫ እየተጫኑ ሳይሆን እንደ ድሮዎቹ ጨዋታዎች ትእዛዝ እየጻፉ የሚጫወቱት በአማርኛ ይቻላል? "በሩን ክፈት" ብዬ ጽፌ በሩ ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች የሚሠሩበትን ኢንፎርምን አየሁት፣ እንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው።

ፊደል ቆጣሪ፦

ይቻላል። አንድ ሠርቻለሁ፤ ስምንት ክፍል ያለው ቤት፣ ወደ 40 ዕቃ። ኢንፎርምን ግራሃም ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው የተሠራው በእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ ነው፤ ግሱ ይቀድማል፣ ቃላቱ በክፍት ቦታ ይለያያሉ። ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ያመጡት ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከእሱ ጋር ከመታገል ብዬ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከባዶ ጀመርኩ።

የዚህ ዘር አባት የሚባለው የዋሻ ጨዋታ የዊል ክራውዘር ሥራ ነው። ክራውዘር ፕሮግራመርም ዋሻ አሳሽም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ የሚያውቀውን ዋሻ ተንተርሶ ለሁለት ሴት ልጆቹ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶን ዉድስ አሰፋው። ተጫዋቹ የሚጽፈው ቢበዛ ሁለት ቃል ነበር። ኮምፒውተሩም ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ብቻ ነበር የሚያመሳስለው። ይህን ሳነብ "ለአማርኛማ አምስት ፊደል ይተርፋል" አልኩ። ቁልፍ፣ መብራት፣ መሳቢያ፤ ሁሉም ይገባል። ስጽፈው ግን ሦስት ነገር ገጠመኝ።

አንደኛው፣ ሰው እንደፈለገ ነው የሚጽፈው። "ዕቃ" እና "እቃ"። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ"። ጨዋታው ማወዳደር ከመጀመሩ በፊት ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ መለወጥ አለባቸው። ይህ ቀላሉ ነው፤ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ቃሉ ፊት ላይ የሚለጠፉት በ፣ ከ፣ ለ፣ የ። "ከሳጥኑ አውጣ" ሲባል "ከ"ን ቆርጬ "ሳጥኑ"ን እፈልጋለሁ አልኩ። ጥሩ ሠራ። ከዚያ "በሩን ክፈት" ብዬ ስጽፍ "'ሩን' የሚባል ነገር አላይም" አለኝ። "በ"ን ቆርጦ ጣላት! "ከበሮ"ም "በሮ" ሆነ። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ፈልግ፤ ሲጠፋ ብቻ ቆርጠህ ፈልግ።

ሦስተኛው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነው። "በር" ሲደመር "ኡ" ሲሆን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል፤ ር ሩ ይሆናል። ስለዚህ መጨረሻውን መቁረጥ አይሠራም፣ ምክንያቱም የሚቆረጥ ፊደል የለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁሉንም መልክ በእጄ መዘርዘር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበትን የዩኒኮዱን ሠንጠረዥ ሳይ ፊደሎቻችን ስምንት ስምንት ሆነው ነው የተደረደሩት። ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ ጎን ለጎን ናቸው። የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍለህ ቀሪውን ከቁጥሩ ላይ ስትቀንስ ሁሉም ወደ ግዕዙ ይመለሳል። "በር"ም "በሩ"ም "በረ" ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ያለችውን የ"ን" ምልክት አስቀድመህ ካነሳህ "በሩን"ም እዚያው ይገባል። እርግጥ "በር" እና "ባር" ይምታታሉ፤ ግን አንድ ቤት ውስጥ 40 ዕቃ ብቻ ስላለ እንዲህ ያለ ግጭት የገጠመኝ አንድ ጊዜ ነው። የአንዱን ዕቃ ስም ቀየርኩ፣ አለቀ። ፈሊጡ እንደ ቋ እና ጓ ላሉት በትክክል አይሠራም፤ እነሱን ለብቻ ጻፋቸው።

ግሱን ግን በእጅህ ዘርዝር። "ክፈት"፣ "ክፈቺ"፣ "ክፈተው"፣ "ልክፈት"፣ "እከፍታለሁ"። "ት" ወደ "ቺ" ስለሚለወጥ ስሌቱ አያዋጣም፤ ግሶቹም 20 ቢሆኑ ነው። ከሁሉ በላይ አንድ ሰው ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብለህ የሚጽፈውን መዝግብ። አንዷ ሞካሪዬ "በሩን ክፈትልኝ" ብላ ጻፈች። እኔ መቼም አላስበውም ነበር። አሁን ይገባዋል።

ሳይገባው ሲቀር ደግሞ "አልገባኝም" ብቻ አይበል። የትኛው ቃል እንዳልገባው ይናገር። ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው።

አሮጌ ተጫዋች፦

ፊደል ቆጣሪ፣ ይህን የስምንቱን ነገር ስንት ዘመን ስፈልገው የነበረ ነው። ኮዱን ብታካፍለን ውለታህን አልረሳም።

ማታ ጸሐፊ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

63ቱ ገጾች 26 ሆኑ። አንድ አንባቢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 15ቱን ያያል። ታሪኩ አሁን ጠዋት ደርሶ ያልቃል። በ"እኔ" ነው የጻፍኩት። ምርጫዎቹ ሁሉ "ል" ብለው ነው የሚጀምሩት፤ አርታኢ፣ ተባረክ፣ ይህ ብቻውን ታሪኩን ቀየረው። ከጣልኳቸው ገጾች ውስጥ አንዱ ከሁሉም የምወደው ነበር፤ አክስቷ ጓዳ ውስጥ የደበቀችው የሹራብ ክር ያለበት። እሱንም ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምቄ የጠዋቱ ገጽ ላይ አስገባሁት። ወንድሟ ክሩን አንስቶ ያሸታል።

ትናንት ያንኑ ጓደኛዬን ጠራሁት። እንደገና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስልኩ የሚጠራበት ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ማውሱ ላይ ቀረ። አልቸኮለም። ከዚያ "ልተወው፣ ይጥራ" የሚለውን ተጫነ። ስልኩ አራት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። የሚመልሰውን ቀስት ፈለገ፤ አጥፍቼዋለሁ።

ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ ስለ ደብዳቤው ምንም አልጠየቀኝም። "ማን ነበር የደወለው?" ነው ያለኝ።

"አላነሳኸውማ" አልኩት።

ወንበሩን ሳበና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ።